ለሰርግ የወጣው መቅዘፊያ

እማማ ደሳለች ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው መቅዘፊያውን ከግድግዳው ለማውረድ ሁለት እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ስብሐት ከጠረጴዛው ጀርባ ብድግ ብሎ መጣና መሃል ገባ።

«ይቅርታ እማማ፣ እሱ አይነካም።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ጌጡ እናቱ የሚቆጡ መስሎት ወደፊት ራመድ አለ። እሳቸው ግን ፊታቸው ፈካ፤ ወደ ልጃቸው ዞረውም፣ «አየህ፣ ደንቡን አልረሳም» አሉት።

ስለ የትኛው ደንብ እንደሚያወሩ ጌጡ ወዲያው አልገባውም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለሆነ ከእንጨት ሥራ ማኅበሩ በቀጥታ መጥቶ፣ ሰጋቱራውን ከፀጉሩ ላይ በቅጡ ሳያራግፍ ነበር እናቱን ከቤት ይዞ የወጣው። ጠዋት ቁርስ ላይ፣ «ነገ ከመሄዴ በፊት ስብሐት ጋ አድርሰኝ፤ የአባትህን መቅዘፊያ ላወጣ ነው» ሲሉት፣ ሙዚየም የገባ ዕቃ እንደማይወጣ ሊነግራቸው አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ ሻዩን ፉት አለበትና ዝም አለ። ስብሐት አስተማሪ ነው፣ ሰው ማስረዳት ሥራው ነው፣ እሱ ይንገራት ብሎ ተወው።

ሙዚየም የሚባለው ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ድሮ የኅብረት ሱቁ ስኳር ይከማችባት ስለነበር ጉንዳን እስከ ዛሬ ተስፋ ሳይቆርጥ ይመላለስባታል። የሕዝቡን አኗኗር የሚያሳይ ነገር አዘጋጁ የሚል ትእዛዝ በወረደ ጊዜ ሌላው ቀበሌ ጋሻና ሌማት ሲለቃቅም፣ ስብሐት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ካስተማረበት ከዝዋይ ሐይቅ ደሴት ይዞ የመጣቸውን ዕቃዎች አቀረበ። ግድግዳው እስከ ወገቡ ሰማያዊ ተቀባ። የደንገል ታንኳ፣ መረብ፣ የዓሣ ወጥመድ፣ መንጠቆ፣ ጥላሸት የጠገበ የሸክላ ድስት በየቦታቸው ተቀመጡ። ከበላያቸው በቀይ ጨርቅ ላይ «የደሴቱ ዓሣ አጥማጆች ታሪክና አኗኗር» ተብሎ ተጻፈ። ክረምት ከሚሞላው ወንዝ በቀር ብዙ ውሃ የማያውቀው የጉለሌ ሰው ከኅብረት ሱቁ ስኳር ሊወስድ ሲመጣ ጎራ ይልና ታንኳዋን አይቶ፣ ይቺ ነገር ሰው ትችላለች እንዴ እያለ ይወጣል።

እማማ ደሳለች የዚያች ደሴት ሰው ናቸው። ከመስቀል በኋላ ዓይናቸውን ለመታከም ጌጡ ቤት መጡ፤ ጳውሎስ ሆስፒታል ተመላልሰው ዳኑ፤ ከዚያ ወዲህ የእንጦጦን ብርድ እያማረሩ፣ የልጅ ልጆቻቸውን እያሞላቀቁ ከረሙ። አሁን ጥር ገብቷል። ደሴቱ ላይ የቀረው ታናሹ ልጃቸው ጉታ በሚቀጥለው እሁድ ይሞሸራል። በሟቹ ባላቸው በአለማየሁ ዘር ደግሞ ሙሽራው ሙሽራይቱን በውሃ ላይ ወደ ቤቱ የሚያሻግራት በአባቱ መቅዘፊያ ነው። አለማየሁ እሳቸውን ያሻገራቸው በዚሁ በግድግዳው ላይ ባለው ነበር፤ አባቱም እናቱን እንዲሁ። ጌጡ ግን ሚስቱን ሠርካዲስን እዚሁ አዲስ አበባ አግብቶ በአንበሳ አውቶቡስ ስላመጣት፣ እናቱ ነገሩን አልፎ አልፎ ያነሱበታል።

ጌጡን የከበደው ሌላ ነገር ነበር። ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ የእናቱን ማዕዘን አየ። ጋቢያቸው፣ ኩባያቸው፣ የጸሎት መቁጠሪያቸው፣ ሁሉም ተለቅሞ በአንድ ትልቅ ቋጠሮ ታስሯል። ልብሳቸው የሚንጠለጠልበት ሚስማር ባዶውን ቀርቷል። ከሰርጉ በኋላ ተመልሰው ይመጡ እንደሆነ ሠርካዲስ ሦስቴ ጠይቃቸው ሦስቴም ስለ ጉታ ሙሽራ ቁመና አወሯት። አሁን ደግሞ መቅዘፊያው። እሱም ከወጣ ጉለሌ ውስጥ የእናቱ የሚባል ነገር አይኖርም ማለት ነው።

እማማ ደሳለች በዚህ መሃል ለመቅዘፊያው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል።

«በል ጠይቀኝ» አሉ።

«ምን ልጠይቅዎ እማማ?» አለ ስብሐት።

«ምልክቱን ነዋ። አስተምሬህ አልነበር?»

ስብሐት ጌጡን አየው። ጌጡ መረቡን አየ። ይኼኔ ነው ነገሩ የገባው፤ ልጅ ሆኖ አያቱ ቤት ስንት ጊዜ አይቶታል።

የደሴቱ ሰው ከድሮ ጀምሮ የሰው ዕቃ ያስቀምጣል። የብሱ ላይ ሽፍታ ሲነሳ ወይም ድርቅ ሲገባ፣ ሰው ሣጥኑን፣ እህሉን፣ የልጁን ጌጥ በታንኳ ጭኖ ይመጣና «ይቀመጥልኝ» ብሎ ይሄዳል። ሊያወጣ ሲመጣ ቀድሞ አይነካውም። ጀርባውን ሰጥቶ ምልክቱን ይናገራል፤ ባለአደራው እያየ ያመሳክራል፤ ከዚያ በገዛ እጁ አንስቶ ይሰጠዋል። የተቀመጠ ዕቃ ለባለቤቱ ሲከለከል እማማ ደሳለች አይተው አያውቁም። ባላቸው በሞተ ዓመት እቤታቸው ያረፈው ዘማች ስብሐት «እኛ ጋ በደንብ ይቀመጣል» ብሎ ሲጠይቃቸው መቅዘፊያውን የሰጡትም በዚሁ ልማድ ነበር። በሩ ጀርባ ቆሞ ባዩት ቁጥር ሆዳቸው ስለሚባባ፣ ጥቂት ጊዜ ሌላ ሰው ቢያቆይላቸው ደስ አላቸው። አሁን ስብሐት «አይነካም» ሲላቸው ደንቡን እየጠበቀ መሰላቸው።

«እጀታው ላይ» ብለው ጀመሩ ሳይጠየቁ፣ «አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎድጎድ ያለ ነው። ጎድጓዳው በግራ በኩል ነው፤ አለማየሁ ግራኝ ነበር።»

ስብሐት ሳያስበው ጎንበስ ብሎ አየ። «አዎ፣ በግራ ነው።»

«ጫፉ ትንሽ ተሸርፏል። ጉማሬ ነክሶት ነው ብሎ ለሰው ሁሉ ያወራ ነበር። ውሸቱን ነው፣ ድንጋይ ነው የመታው።»

ስኳራቸውን በከረጢት ይዘው በር ላይ የቆሙ ሁለት ሴቶች ሳቁ። አንደኛዋ ገባ ብላ ጫፉን ልታይ አንገቷን አሰገገች።

«መሃሉ ላይ ስንጥቅ አለ፤ በጅማት ታስሯል። እሱ ጌጡን ያማጥኩ ለት ነው። አዋላጇ የነበረችው ከማዶ ነው። ነፋስ ተነስቶ ማንም አልሻገርም ሲል እሱ ብቻውን ሄደ። ይዟት ሲመለስ መቅዘፊያው ተሰንጥቆ በአንድ እጁ ጨምድዶ ይዞት ነበር። ልጁን ሳያይ መጀመሪያ እሱን አሰረ፤ እኔም ተቀየምኩት።»

ጌጡ ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ዕድሜ ልኩን እንጨት ሲያጣብቅና ሲያስር የኖረ ሰው ነውና ጠጋ ብሎ የጅማቱን አስተሳሰር አየ። ጠበቅ ያለ፣ ቸኩሎ የታሰረ፣ ግን እስከ ዛሬ ያልላላ ነው። አባቱን በጣም ናፈቀ።

«ሁሉም ልክ ነው» አለ ስብሐት ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው አውርድልኝ።»

ስብሐት እጆቹን አፋተገ። «እማማ... ማለቴ... ሙዚየም የገባ ነገር አይወጣም።»

እማማ ደሳለች ዞሩ። «እንዴት አይወጣም? ላይወጣ ምን ሊያደርግ ይቀመጣል?»

«ሰው እንዲያየው ነው።»

«ይኸው አየው። እኔም አየሁት።» ጠጋ ብለው አተኩረው ተመለከቱ። «ያብረቀርቃል። ምን ቀብተኸው ነው?»

«የኑግ ዘይት። እንዳይደርቅ ብዬ በየወሩ እቀባዋለሁ።»

«ዘይት ከየት አምጥተህ?»

«ከራሽኔ ላይ» አለ ስብሐት አፍሮ። ስኳር የያዙት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ፤ ለእንጨት ዘይት የሚቀባ ሰው በዚያ ዘመን ወይ ሀብታም ነው ወይ ጤና የጎደለው።

እማማ ደሳለች ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። «ባለአደራ ማለት እንዳንተ ነው። በል አውርድልኝ፤ ነገ በማለዳ አውቶቡስ ተራ መድረስ አለብኝ።»

ስብሐት መልስ ከመስጠቱ በፊት የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ መዝገቡ ገባ። ሰኞ ዕለት ክፍሏን ሊጎበኙ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች ስለሚመጡ ወለሉ መወልወሉን ሊያይ ነበር አመጣጡ። ካኪ ካቦርቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

«ምንድን ነው ስብሰባው?» አለ።

ስብሐት አጠር አድርጎ ነገረው። ጓድ መዝገቡ ሰምቶ ወደ እማማ ደሳለች ዞረና ድምፁን እንደ ስብሰባ ቀን አስተካከለ።

«እማማ፣ ይህ ዕቃ አሁን የሰፊው ሕዝብ ንብረት ሆኗል።»

«ሲሰጥ እርስዎ አልነበሩም ጌታዬ» አሉ እማማ ደሳለች በትሕትና። «እኔ የሰጠሁት ለዚህ ልጅ ነው። ሰፊው ሕዝብ እኔ ቤት መጥቶ አያውቅም።»

ሁሉም «ጓድ» በሚባባልበት በዚያን ጊዜ «ጌታዬ» ማለት ብቻውን ለአንድ ሐሙስ የቀበሌ ውይይት የሚበቃ ጥፋት ነበር፤ የቀረውማ አይነሳ። ሴቶቹ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። ጌጡ በእናቱና በሊቀ መንበሩ መካከል ገባ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እናቴ እኮ የገጠር ሰው ስለሆነች...»

ጓድ መዝገቡ በእጁ አስቆመው። «ቤትዎ የት ነው እማማ?»

«ከውሃ ማዶ ነው። እኛ አገር የሰው ዕቃ ሲቀመጥ ባለቤቱ ሲመጣ ይሰጠዋል። አባቴ ቤት አንድ ሣጥን ነበረ። እኔ ልጅ ሳለሁ አንድ ሰውዬ ከየብስ አምጥቶ አስቀመጠው። አደግኩ፣ አገባሁ፣ ይሄን ጌጡን ወለድኩ፤ ሰውየው ሸብቶ መጣ። ጀርባውን ሰጥቶ ምልክቱን ተናገረ። አባቴም አቧራውን ጠርጎ ሰጠው።»

«ውስጡ ምን ነበር?»

«እኛ ምን እናውቃለን?»

«በዚያ ሁሉ ዓመት አልከፈታችሁትም?»

«የሰው ሣጥን ነዋ።»

ጓድ መዝገቡ የካቦርቱን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ።

«እኔ ዘመቻ ስሄድ» አለ፣ ድምፁ አሁን የስብሰባ አልነበረም፣ «ቴፔን ጎረቤቴ ጋ አስቀምጬ ነበር። ስመለስ ለክርስትናም ለልደትም ሲያከራየው ከርሞ ተቃጥሏል።»

«ታዲያ ምን አልከው?» አሉ እማማ ደሳለች። «እርስዎ» ማለታቸውን መተዋቸውን ከጌጡ በቀር ልብ ያለው የለም።

«ምን እላለሁ፤ ጎረቤት ነው። በቃ፣ ተውኩት።»

«እኛ አገር ቢሆን ኖሮ ሰውየው አፍሮ ደሴቱን ይለቅ ነበር።»

ስኳር የያዘችው ሴት «እሱማ እዚሁ ነው ያለው፤ አሁን ያንተን ቴፕ ጨርሶ በራሱ ራዲዮ ይበጠብጠናል» አለች። ጓድ መዝገቡ ሳቀ። ጌጡም ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰ።

«እሺ፣ ይውጣ እንበል» አለ ሊቀ መንበሩ መቅዘፊያውን ሽቅብ እያየ። «ሰኞ እንግዶቹ ሲመጡ ባዶ ሚስማር ላሳያቸው ነው?»

«ለሰርግ ወጥቷል በላቸው።»

«ለሰርግ?»

«የደሴት ሰው እንዴት እንደሚኖር ሊያዩ አይደል የሚመጡት? እንዲህ ነው የሚኖረው። ሰርግ ሲኖር መቅዘፊያ ይወጣል።»

ጓድ መዝገቡ ስብሐትን አየው፤ ስብሐት ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ ወለል ላይ የሌለ ነገር ፈለገ።

«ይመለሳል?» አለ ሊቀ መንበሩ በመጨረሻ።

ጌጡ ወደ እናቱ ዞረ። መመለስ የሚባል ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም ነበር። እማማ ደሳለች ወደ ግድግዳው ተጠጉ፤ ዘይቱን የጠጣውን እንጨት፣ አንድ ምስጥ ያልበላውን፣ ግራኙ ባላቸው በአውራ ጣቱ የቦረቦረውን ጎድጓዳ አዩ። ከዚያ ስብሐትን አዩት።

«በደንብ ላስቀመጠ ሰው መልሰው ይሰጡታል» አሉ። «ይመለሳል።»

«ማን ያመጣዋል?»

«ማን ያምጣው? ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ይዞት ቢመጣ ይሄ ልጅ እንዳይቀበል።»

«ዋስ ያስፈልጋል እንግዲህ።»

«ጌጡ እዚሁ አይደል? የት ይሄድባችኋል?»

ጌጡ ቃሉን ሰማ፤ ግን ደፍሮ አላመነውም። እናቱን ያውቃቸዋል። የልጃቸው ሰርግ እንዳይጎድል ሲሉ እንኳን ለቀበሌ ለንጉሥም ቃል ይሰጣሉ። ነገ አውቶቡሱ ውስጥ ሲገቡ ያ ቋጠሮ አብሯቸው ይገባል።

ስብሐት ወንበር ላይ ወጥቶ መቅዘፊያውን አወረደውና በሁለት እጁ ይዞ ሰጣቸው። እማማ ደሳለች ተቀብለው ክብደቱን መዘን መዘን አደረጉት፤ ከዚያ ቁልቁል አቁመው ግንባራቸውን እጀታው ላይ አሳረፉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ረጥቧል፣ ፊታቸው ግን ደስ ብሎታል።

ስብሐት በወፍራም ወረቀት ላይ በቁም ጽሑፍ «ለሰርግ ወጥቷል፤ ይመለሳል» ብሎ ጻፈ።

«‹በጊዜያዊነት› የሚል ጨምርበት» አለ ጓድ መዝገቡ። «እንዲህ ነው የሚባለው።»

ተጨመረ። ወረቀቱ ባዶው ሚስማር ላይ ሲንጠለጠል እማማ ደሳለች ስብሐት ባስተማራቸው ዓይነት ፊደል በፊደል እያነሱ፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። «በጊዜያዊነት» ላይ ሲደርሱ ትንሽ ተንገዳገዱ፤ ግን ጨረሱት።

«ጎበዝ» አላቸው ስብሐት እንደ ድሮው።

ወደ ቤት ሲሄዱ ጌጡ መቅዘፊያውን ልያዝልሽ ቢላቸው እምቢ አሉ። ትከሻቸው ላይ አድርገውት ዳገቱን ወጡ። ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች በመንገዱ ጥግ ሸክማቸውን አሳርፈው ነበርና አንዷ አየቻቸው።

«እማማ፣ ዛሬ ጫካው ነጥፎ ነው እንዴ? አንዲት ፍልጥ ብቻ?»

«ትበቃኛለች» አሉ እማማ ደሳለች ሳይቆሙ። ሴቶቹ ሳቁ፤ እሳቸውም እስከ ቤት ድረስ ለብቻቸው ፈገግ እንዳሉ ሄዱ። ጌጡ ከኋላ እየተከተለ ተመልሰው ይመጡ እንደሆነ ሊጠይቃቸው ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ። ሁለቴም ስለ አውቶቡሱ ሰዓት ነገራቸው።

ቤት ሲደርሱ ሠርካዲስ ለመንገድ የሚሆን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ቋጠሮው ላይ አስቀምጣለች። መቅዘፊያውን ስታይ እልል ልትል ቃጣት። ጌጡ የሆነውን ሁሉ ሲነግራት እየሳቀች ሰማች፤ «ይመለሳል» ብለው ራሳቸው ሊያመጡት ቃል የሰጡበት ቦታ ሲደርስ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እሷም ገብቷት ሳቋን ተወች።

እማማ ደሳለች መቅዘፊያውን ከመደቡ ራስጌ አቁመው ተቀመጡ። ቋጠሮውን ለጥቂት ጊዜ አዩት። ከዚያ ዳቦውን ወደ ጎን አድርገው መፍታት ጀመሩ።

«የረሱት ነገር አለ እማማ?» አለች ሠርካዲስ።

እማማ ደሳለች ጋቢውን ጎትተው አወጡ። ሠርካዲስ ለእሳቸው ብላ ራሷ ፈትላ፣ እዚሁ ጉለሌ ሸማኔ ዘንድ ያሠራችው፣ ብርዱን ሁሉ ያሳለፉበት ጋቢ ነው። አጣጥፈው ሰጧት። ሠርካዲስ ተቀበለች፤ ፊቷ ግን ደፈረሰ።

«አልወደዱትም እንዴ? ይዘውት እንዲሄዱ ብዬ እኮ ነው ያሠራሁት።»

«እኛ አገር ይሞቃል፤ ምን ያደርግልኛል? ይቀመጥልኝ።»

ሠርካዲስ አልገባትም። ጌጡ ግን በሩ ሥር እንደቆመ ሰውነቱ ሙቅ ውሃ እንደፈሰሰበት ሆነ። እናቱን ቀና ብሎ ለማየት አልቻለም፤ ማዕዘኑ ላይ ያለውን ባዶ ሚስማር አየ።

«ሣጥን ውስጥ ልክተተው?» አለች ሠርካዲስ ጋቢውን እንዳቀፈች።

«የትም አድርጊው» አሉ እማማ ደሳለች ቋጠሮውን መልሰው እያሰሩ። «መጀመሪያ ግን ጥለቱን በደንብ አይተሽ ምልክቱን ያዢ። ስመጣ ትጠይቂኛለሽ።»